ወንዝ ያመጣው እንጨት

ሐምሌ ፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

አባቴ ዲማ ሲያስተምሩ ክረምት በገባ ቁጥር ዝናቡን ይጽፉ ነበር። «ያየውን ያልጻፈ ያላየውን ያወራል» ይሉኝ ነበር፤ አለንጋውም ከአጠገባቸው አይጠፋም። ባሌ ከሞተ ወዲህ እኔም አሥራ አንድ ክረምት ጽፌያለሁ፤ ይህ አሥራ ሁለተኛው ነው። ደንቡ አልተለወጠም። ያየሁት ይጻፋል፤ ሰዓቱ በባሌ የኪስ ሰዓት ይለካል፤ የተጻፈ አይፋቅም። ስሕተት ቢገኝ በኅዳጉ ይታረማል።

ዛሬ ጧት ካፊያ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ። የእህቴ ልጅ የብርጓል ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ባሏ አወቀ አናጢ ነው። እጁ ደኅና ነው፤ ዳዊት ግን አልደገመም፤ ሲቆምም ወደ ግራ ያዘነብላል። ለሠርጉ እሺ ያልኩት እሷ ስላለቀሰች ነው።

ከአቁማዳው አንድ ቁና በሶ ጎደለ። አይጥ ነው።

ሐምሌ ፲፪፣ ረቡዕ

ዝናብ ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።

ጣልያን ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር የዘረጋው የስልክ ሽቦ ከቤቴ በታች ወንዙን ይሻገራል። ነፋስ ሲነሣ ያፏጫል። የደብራችን መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል «ሰይጣን ዜማ ሲቀጽል ስሙት» ይላሉ። ሽቦው ግን ከእሳቸው ይልቅ ድምፁን ይጠብቃል። ይህን በአፌ አልተናገርኩም።

ሁለት ቁና በሶ። አይጥ።

ሐምሌ ፲፯፣ ሰኞ

ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በረዶ። ሰው እንቁላል አክሎ ወረደ ይላል፤ ባቄላ ያክላል። መብረቅ ሦስት ጊዜ። የጎረቤት ጣራ ተገለበጠ። ዘጠኝ ተኩል አለፍ ሲል ከጮቄ ደራሽ ወረደ፤ ግንድ ከግንድ ሲጋጭ እስከዚህ ይሰማል። ወዲያው የሽቦው ፉጨት ቆመ። ወረቀቱ ረጠበ። ይበቃል።

ሐምሌ ፲፰፣ ማክሰኞ

ወንዙ ዳርቻውን በልቶታል። ሁለቱ የስልክ እንጨቶች የቆሙበት አፈር ራሱ የለም። እንጨቶቹ ከታች፣ ከመታጠፊያው ላይ ተጋድመው ተገኙ፤ ግርጌያቸው ተፈልጧል። የአገሩ ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ወንዝ ያመጣውን እንጨት ጎትቶ ያወጣ፣ ድንጋይ የጫነበት፣ የእሱ ነው። ወንዶቹ ጎትተው አወጡ፤ ድንጋይም ጫኑ።

ከወንዙ ማዶ አመተ ሥላሴ ዐረፈች። አብረን ያደግን ነን። ቤተ ክርስቲያኑ ከወዲህ፣ አስከሬኑ ከወዲያ፤ መሻገሪያውን ውሃው ወስዶታል።

ሐምሌ ፲፱፣ ረቡዕ፣ ገብርኤል

ሁለቱ እንጨቶች ጎን ለጎን ተጋድመው ድልድይ ሆኑ። መሪጌታ «ይህ የመንግሥት እንጨት አይደለም ወይ?» ብለው ነበር። ወንዝ ያመጣው ስም የለውም ተባለ። ርዝመቱ ስለበዛና የተፈለጠው ጫፍ አልቀመጥ ስላለ ስምንት ክንድ ይበቃል ተባለ። አወቀ ጫፍ ጫፉን ቆርጦ አስተካከለ። አስከሬኑ በቃሬዛ ተሻገረ፤ ውሃ አልነካውም። ዐፈሩ ይቅለላት።

የተቆረጡት ፍልጦች ወደ ቤቴ መጡ፤ እንጨት መጣል አልወድም። ሬንጅ የተቀቡ ስለሆኑ ጭሳቸው ያፍናል፤ ከጎተራው ሥር እንዲገቡ አደረግሁ። ከአንደኛው ራስ ላይ ደግሞ ሽቦው ይታሰርበት የነበረ አንድ ነጭ የሸክላ ሲኒ አገኘሁ፤ ከውስጡ ቆልማማ ብረት አለው። ገልብጬ ገል ላይ ባስቀምጠው በብረቱ ዙሪያ ያለው ጎድጓዳ ቀለም ይይዛል። የቀለም ቀንዴ ተሰንጥቆ ነበር። ይህን የምጽፈው ከእሱ እየነከርኩ ነው።

ሐምሌ ፳፬፣ ሰኞ

አወቀን ወሰዱት።

በአራት ሰዓት መጡ፤ አንድ ቴኔንቴ የሚሉት የጣልያን መኮንን በበቅሎ፣ አሥራ ሁለት አስካሪ ወታደሮች በእግር። ሽቦው ተበጥሶ፣ እንጨቶቹ ድልድይ ሆነው አገኙ። አስተርጓሚው «ለሽፍታ መሻገሪያ ሠራችሁ!» እያለ ጮኸ። ቤት ለቤት ፈተሹ። በአወቀ መጥረቢያ ላይ ሬንጅ ተገኘ።

«አንተ ነህ የቆረጥከው?»

«እኔ ነኝ። ግን ወንዝ ያመጣው ነው፣ ጌታዬ። ተጋድሞ ነው ያገኘነው።»

«ሁለቱም ወገን በመጥረቢያ የተቆረጠ ነው! ወንዝ መጥረቢያ አለው? ማን አዘዘህ?»

አወቀ ወደ ወንዙ ተመለከተ። «ማንም» አለ።

እጁን ወደ ኋላ አስረው ወሰዱት። የብርጓል ስትከተል አንዱ አስካሪ በሰደፍ ገፋት፤ አልወደቀችም። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ። ማንም አልጠየቀኝም።

ሐምሌ ፳፭

ዝናብ። ማንም አልጠየቀኝም።

ነሐሴ ፩፣ ሰኞ፣ ፍልሰታ ገባ

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደብረ ማርቆስ ደርሰው መጡ። ቴኔንቴው «ከዘመን መለወጫችሁ በፊት ያዘዘውንና የሽፍቶቹን ስም አምጡ፤ አለዚያ በዓላችሁ ዕለት እሰቅለዋለሁ» ብሏል። አወቀን ከሩቅ አይተውታል። ከስቷል። «እሜቴ ሰላም ናቸው?» ብሎ ጮኾ ጠይቋቸዋል። ስለ ሚስቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ እኔ። ሥርዓት የሌለው ልጅ፤ ሚስት ትቀድማለች።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። ጆሮዬ አሁንም ደኅና ነው።

«መጥረቢያ ብቻውን አይሄድም።»

«አፍ ያለው ሰው ልኮት ነዋ!»

ሲያዩኝ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ።

ነሐሴ ፯፣ እሑድ

የብርጓል ጎተራው ሥር እንቁላል ስትፈልግ ፍልጦቹን አየች።

«አክስቴ፣ ይህንንማ ያቃጥሉት! ቢያገኙት እርስዎንም ይሰቅሉዎታል።»

«ያፍናል» አልኳት።

«ምኑ?»

«ጭሱ።»

እንቁላሎቹን በነጠላዋ ሰብስባ «እርስዎ አይደሉም ወይ ስምንት ክንድ ይበቃል ያሉት?» አለችኝ። በቁጣ አይደለም፤ አንድ ነገር የጠፋው ሰው ቀስ ብሎ እንደሚጠይቀው ነው። ከዚያ እንቁላሎቹን ይዛ ገባች።

ወንዝ ያመጣው ስም የለውም ያልኩትም እኔ ነኝ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ያን ዕለት ቆማ ሰምታለች።

ነሐሴ ፲፫፣ ቅዳሜ፣ ቡሄ

አዲስ እንጨት የሚተክሉ ሰዎች መጡ። አለቃቸው አብዱረዛቅ ይባላል፤ አገሩ ምጽዋ፣ አማርኛው ደኅና ነው። አርባ ዓመት ይሆነዋል። ጉድጓዱን በገመድ ሦስት ጊዜ ለካ፤ «አራት ጣት ይጎድላል» ብሎ ሠራተኞቹን እንደገና አስቆፈራቸው። አንዱ «አራት ጣት ምን ያደርጋል?» ቢለው «ወንዙን ጠይቀው» አለው። ወደድኩት አልልም። ጉድጓዱ ግን ትክክል ነበር።

ውሃ ለመነኝ፤ ሰጠሁት። ከደጃፌ ተቀምጦ ወንዙን እያየ፣ ከስልክ በፊት ባቡር ላይ ይሠራ እንደነበር ነገረኝ። ሐዲዱ በባሕሩ ጠርዝ ይሄዳል አለ። እኔ ባሕርን የማውቀው በዳዊት ብቻ ነው፤ ጨው መሆኑንና ማዕበሉን ጠየቅሁት።

«እንጨት ተክለን ከራሱ ላይ የብረት ክንድ እንሰቅላለን፣ እናቴ። ክንዱ ከተዘረጋ ባቡሩ ይቆማል፤ ከወረደ ያልፋል። ክንዱን በሽቦ የሚስበው ዘበኛ ነው። አንድ ጊዜ ማዕበል ሦስት ቀን መታን። ሽቦው በጨው ተበልቶ ኖሮ ተበጠሰ፤ ክንዱ ወደቀ፤ ባቡሩም ‹እለፍ› የተባለ መስሎት ውሃ ወደ ሸረሸረው ሐዲድ ገባ። ሁለት ፉርጎ ባሕር ውስጥ ቀረ።»

«ሰው ሞተ?»

«አልሞተም። ግን ዘበኛውን አብዱልዋሂድን ‹ተኝተህ ሽቦውን አስቆረጥክ› ብለው አሰሩት። ሽቦውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ። በመቁረጫ የተቆረጠ ሽቦ ጫፉ ያበራል፤ ጨው የበላው ግን እንደ መርፌ ይቀጥናል። አየሁ፤ አወቅሁም። ሃያ ዓመቴ ነበር። ፈራሁና ዝም አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እስካሁን ዝም እንዳልኩ ነኝ፣ እናቴ።»

ምን መለስኩለት? «ጨው ለብረት አይሆንም» አልኩት። አባቴ ይህን መልስ ቢሰሙ አለንጋውን ያነሡ ነበር።

ነሐሴ ፲፬፣ እሑድ

አብዱረዛቅ ድልድዩን ሊያይ ወረደ። የእንጨቱን ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ። «ይህ በርግጥ መጥረቢያ ነው። የተቆረጠው ጫፍ የት ሄደ? እሱን ባየው፣ ማን እንደጣለው እንጨቱ ራሱ ይነግረኝ ነበር» አለ። ሁሉም ወደ እኔ አየ።

«እንጨት መቼም ይነድዳል» አልኩ።

ሐሰት አልተናገርኩም። እንጨት ይነድዳል።

ማታ ዳዊት ስደግም አንድ መዝሙር ዘለልኩ። በሕይወቴ ዘልዬ አላውቅም።

ነሐሴ ፳፫፣ ማክሰኞ

አብዱረዛቅና ሰዎቹ ወደ አምበር አለፉ። አዲሱ ሽቦ ያፏጫል። የብርጓል እግሯ አብጧል። አታለቅስም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በሶ ሦስት ቁና። አይጥ።

ነሐሴ ፳፱፣ ሰኞ

እሳት አነደድኩ። አንዱን ፍልጥ አወጣሁ። አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። በተፈለጠው ውስጥ ጠጠር ተሰክቷል፤ የወንዝ ጠጠር ነው፣ ክብ። መጥረቢያ ጠጠር አይሰካም። እኔ ይህን አንድ ወር ሙሉ ከጎተራ ሥር ሸሽጌ ኖሬያለሁ።

እሳቱን አጠፋሁት።

ጳጉሜን ፩፣ ረቡዕ

ማለዳ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ሄድኩ። «አምበር ሄደው ያን የምጽዋ ሰው ያምጡልኝ» አልኳቸው።

«በዚህ ጭቃ? ለምን?»

«ስሕተት አለብኝ።»

መሪጌታን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ንባባቸውን ሳርማቸው ኖሬያለሁ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። ከዘራቸውን አነሡና «እንግዲያውስ ቶሎ ልሂድ፤ ሐሳብዎ እንዳይለወጥብዎ» አሉ። ትንሽ ሳቁ። ይገባቸዋል።

ጳጉሜን ፫፣ ዓርብ፣ ሩፋኤል

የሩፋኤል ዝናብ ወረደ፤ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ተጠመቀበት። አብዱረዛቅ በዚያው ዝናብ መጣ።

ፍልጦቹን አወጣሁለት። ሲኒውንም ቀለሙን ደፍቼ አጥቤ ሰጠሁት። ተንበርክኮ አገላበጣቸው። የእንጨቱን ጭረት በጥፍሩ ተከተለ፤ ጠጠሩን አየ፤ የሲኒውን ቆልማማ ብረት ወደ ብርሃን አነሣ።

«ግንድ ነው የመታው። ከላይኛው ወገን መጥቶ እዚህ ጋ መታው፤ እንጨቱ ተጠማዘዘ፤ ሽቦው ሲስበው ብረቱ ተቆለመመ። ሌባ ቢሆን ብረቱን ይፈታው ነበር።» ከዚያ ቀና ብሎ «ለምን ያን ዕለት አላሳዩኝም?» አለኝ።

«አንተ ሃያ ዓመትህ ነበር» አልኩት። «እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው።»

ሌላ አልጠየቀኝም። «ቀኑን የሚያውቅ ሰው አለ?» አለ። ደብተሩን አምጥቼ የሐምሌ ፲፯ን አነበብኩለት። ደስ አለው። «ሌላም ያንብቡልኝ» ቢለኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ሳነብ መዝለል አልችልም። በሶው ዘንድ ስደርስ እጁን አነሣ።

«አይጥ?»

«አይጥ።»

«የዘንድሮ አይጥ በቁና እየሰፈረ ይበላል፤ ጠመንጃም ይይዛል፣ እናቴ። ቴኔንቴው ፊት ሲቀርቡ የሐምሌ ፲፯ን ብቻ ያንብቡ።»

ጳጉሜን ፭፣ እሑድ፣ ደብረ ማርቆስ

በበቅሎ መጣን፤ ፍልጦቹ በአህያ። የብርጓልን ለጎረቤት አደራ ብያለሁ። ነፊሳ በምትባል የአብዱረዛቅ ዘመድ ቤት ዐረፍኩ፤ ነጋዴ ናት፤ የምጾመው ቀን እንደሆነ ጠይቃ ነው ምግብ ያቀረበችልኝ።

ቴኔንቴው እሑድ ሰው አያነጋግርም። ጸሐፊው ግን ከበር ላይ በአስተርጓሚ «ዘግይታችኋል፤ ነገ ዘመን መለወጫችሁ ነው፤ ጧት ይሰቀላል» አለን። ገመዱም ተዘጋጅቷል አለ።

«ነገ ጳጉሜን ስድስት ነው» አልኩት።

«የኛ ወረቀት ነገ ይላል።»

«ወረቀታችሁ የአምናውን ነው የሚለው። ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ናት። ቅዱስ ዮሐንስ ማክሰኞ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ‹ከዘመን መለወጫችሁ በፊት› ያለው አለቃህ ነው፤ ቃሉ የእኛን ዘመን የሚቆጥር ከሆነ ነገ ገና የእኛ ቀን ነው።»

አስተርጓሚው፣ ያ በሐምሌ የጮኸብን፣ ክርስቲያን ኖሮ በጣቱ ቆጠረ፤ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ገብቶ ረጅም ሰዓት ቆየ። ሲወጣ «ነገ ሦስት ሰዓት ይቅረቡ» አለ። ዝቅ አድርጎ ደግሞ «እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ ቀን አትስትም» አለኝ።

ጳጉሜን ፮፣ ሰኞ

በሥርዓቱ ልጽፈው እሞክራለሁ።

ቴኔንቴው ወጣት ነው፤ ጥፍሩን ይነክሳል። አብዱረዛቅ ፍልጦቹን ጠረጴዛው ላይ ጭቃቸውን እንደያዙ ዘረጋ። ሰውየው ስለ ጠረጴዛው ተቆጣ። አብዱረዛቅ በቋንቋቸው ተናገረ፤ መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ኋላ ግን ጸና። ጠጠሩን አሳየ፤ ብረቱን አሳየ። ምጽዋን ሲያነሣ፣ የዘበኛውን ስም ሲጠራ ሰማሁ።

እኔ አነበብኩ፤ አስተርጓሚው ተረጎመው። ቴኔንቴው የስልኩን መዝገብ አስመጣ። ሽቦው የሞተው በእነሱ አቆጣጠር ሐምሌ ሃያ አራት፣ በእኛ ሰዓት ዘጠኝ ከአርባ ነው። የእኔ ደብተር «ዘጠኝ ተኩል አለፍ ሲል» ይላል። አብዱረዛቅ ቀኑን ወደ እኛ መለሰው፤ ሐምሌ ፲፯፣ ሰኞ። ሁለቱ መጻሕፍት አልተዋወቁም፤ አንድ ነገር ተናገሩ።

ቴኔንቴው መዝገቡን ዘጋ። ቀጥሎ የጠየቀው ያን የፈራሁትን ነው። «እንጨቱ ከወደቀ በኋላ እንዲቆረጥ ያዘዘው ማነው? እስረኛው አልናገርም ብሏል።»

ዛሬ ጠየቁኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ልጁ የታዘዘውን ሠራ። ፍልጡን የሸሸግሁም እኔ ነኝ። ሲኒውን የቀለም መያዣ አድርጌዋለሁ።»

«የቀለም መያዣ?» አስተርጓሚው ሲነግረው ሲኒውን አንሥቶ አየው፤ በውስጡ የቀረ ጥቁር ነበር። ሳቅ መጣበት፤ ዋጠው። ፈረደ። አወቀ ይለቀቅ። እኔ ስለ ድፍረቴ ለስልኩ አሥር ጥድ ከአጥሬ እሰጣለሁ። ባሌ የተከላቸው ናቸው፤ አሥራ ሁለት ነበሩ።

ስለ ድልድዩ ቢጠይቅ አብዱረዛቅ «ስምንት ክንድ ለስልክ አያገለግልም፤ ጥለነዋል» አለው። ተጻፈ። ድልድዩ የወንዙ ሆኖ ቀረ።

መስከረም ፩ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ቅዱስ ዮሐንስ

አወቀን ይዤ ገባሁ። በመንገድ ብዙ አልተነጋገርንም። በቅሎዋን ስሰጠው እምቢ አለ፤ እየተንገዳገደ ከጎኔ ሄደ፤ ወደ ግራ ያዘነብላል። ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ስሜን ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ቢወስዱዎ ማን ሊያርመን፣ እሜቴ?» አለኝ።

ደግፎ አሻገረኝ። እንጨቱ አልተነቃነቀም። ሥራው ደኅና ነው። ይህን በአፌ ነገርኩት።

የብርጓል ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። የአደይ አበባ ይዛ ነበር፤ ጣለችው።

መስከረም ፰፣ ማክሰኞ

ሴት ልጅ። ሰባት ሰዓት ከሩብ። ድምፅዋ ጥሩ ነው።

መስከረም ፲፯፣ ሐሙስ፣ መስቀል

ዝናቡ ካቆመ አምስት ቀን ሆነው፤ ክረምቱ እዚህ ያበቃል። አወቀ የተሰነጠቀውን ቀንድ በሰም ደፍኖልኛል፤ ቀለሙ አያፈስም። አሥሩ ጥድ ተቆርጦ ሄዷል፤ በአጥሩ ክፍተት አሁን ወንዙ ይታየኛል። አብዱረዛቅ ሲያልፍ ገብቶ ሕፃኗን አየ። ለአብዱልዋሂድ ልጆች ደብዳቤ እንድጽፍለት ጠየቀኝ፤ እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። አራት ጊዜ አስጀመረኝ። አልተቆጣሁም።

አባቴ እንዳስተማሩኝ ከመዝጋቴ በፊት ከመጀመሪያው አነበብኩ። በሐምሌ ፲፱ ኅዳግ ይህን ጽፌያለሁ፤ «ወንዝ ያመጣው ስም የለውም ያለች፣ ስምንት ክንድ ይበቃል ያለች፣ ቁረጥ ብላ አወቀን ያዘዘች ወለተ ሐዋርያት ናት።» በሐምሌ ፳፬ና በሐምሌ ፳፭ ኅዳግም፤ «ሳይጠየቁም መናገር ይቻል ነበር።»

ትናንት ደግሞ ሁለት ቁና በሶ ጎድሏል። ስለ አይጦቹ የማርመው የለኝም።